ከሞት በኋላ የጻፈ እጅ፤ የዋንግ ሺጂ የሕይወት ታሪክ

በቻይና አገር፣ በጥንታዊቷ የሺአን ከተማ፣ የድንጋይ ላይ ጽሑፎች የተሰበሰቡበት አንድ ሙዚየም አለ። በዚያ ከቆሙት ሐውልቶች አንዱ በ672 ዓ.ም. የተተከለ ሲሆን 1,900 ያህል ፊደላት ተቀርጸውበታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ፊደላቱ የዋንግ ሺጂ የእጅ ጽሕፈት ናቸው። ይሁን እንጂ ሐውልቱ ሲቆም ዋንግ ሺጂ ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ በድንጋዩ ላይ የሚነበበውንም ቃል እርሱ ከቶ አልጻፈውም። ሰው ያልጻፈው ነገር በገዛ እጁ ጽሕፈት ተጽፎ ሊገኝ የሚችለው እንዴት ነው? የዚህን ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው። ዛሬ ከኮምፒዩተር ውስጥ በብሩሽ የተጻፈ የሚመስል ፊደል መርጠን የፈለግነውን ቃል ስናትም የምንሠራው ሥራ፣ በዚህ ሰው እጅ ላይ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ተሠርቷልና።

ስለ ጽሕፈቱ ጥቂት ሳንናገር ስለ ሰውየው መናገር አይቻልም። የኛ አገር ቁም ጸሐፊ መቃውን ጠርቦ ብርዕ ያወጣል፤ የመሥመሩ ውፍረትና ቅጥነት የሚመጣው ከብርዑ አቆራረጥ ነው። የጽሕፈቱም ውበት ፊደላቱ ሁሉ ቀጥ ብለው፣ እኩል ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ በመቆማቸው ነው፤ ስሙም ቁም ጽሕፈት ነውና። የቻይና ጸሐፊ መሣሪያ ግን ብሩሽ ነው። ከጥንቸል፣ ከፍየል ወይም ከሌላ እንስሳ ጠጉር ተሠርቶ በቀርከሃ እጀታ ላይ የሚታሠር፣ ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ ቀለም የሚይዝ ለስላሳ ነገር ነው። ሲጫኑት ይወፍራል፤ ቀና ሲያደርጉት ይቀጥናል፤ ሲፈጥኑ ቀለሙ ያንስና በመሥመሩ ውስጥ የወረቀቱ ንጣት ይታያል፤ ሲዘገዩ ቀለሙ ይጠግባል። ስለዚህ በብሩሽ የተጻፈ ፊደል ቃሉን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውን ፍጥነት፣ ማመንታቱንና ትንፋሹን ጭምር ይመዘግባል። የኛ ጸሐፊ የተሳሳተውን ከብራናው ላይ ሊፍቀው ይችላል፤ በወረቀት ላይ በብሩሽ የሄደ ቀለም ግን አይመለስም።

ሌላም ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። የቻይና ፊደል እንደኛው የድምፅ ምልክት አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቃል ወይም የቃል ክፍል ነው፤ ቁጥሩም በሺህ ይቈጠራል። የአጻጻፉም ዐይነት ብዙ ነው። በዋንግ ሺጂ ዘመን የቀድሞው የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት እያረጀ፣ ሦስት አዳዲስ አጻጻፎች መልክ እየያዙ ነበር። አንደኛው ፊደሉ ጭረት በጭረት ተለይቶ የሚቆምበት ነው። ሁለተኛው ቻይናውያን የሣር ጽሕፈት የሚሉት፣ ፊደሉ ተሳስሮና ተቆራርጦ የሚሮጥበት፣ ያልተማረ ሊያነበው የማይችለው ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ሂያጅ ጽሕፈት ነው። ይህኛው አይቆምም፣ አይሮጥምም፤ ይራመዳል። ለደብዳቤ፣ ለማስታወሻና ለረቂቅ የሚስማማ፣ ፈጣን ሆኖ የሚነበብ ነው። ዋንግ ሺጂ ሦስቱንም ችሎ ነበር፤ ስሙን ያቆመለት ግን ይህ ሂያጁ ነው።

ሰውየው በ303 ዓ.ም. ላንግያ በሚባለው አገር፣ ዛሬ የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በሆነው ምድር፣ ከታላቁ የዋንግ ቤተ ሰብ ተወለደ። (ስለ ልደቱ ዘመን ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ እኛ የምንከተለው ብዙዎቹ የተቀበሉትን ነው።) ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበር። የጂን መሳፍንት እርስ በርሳቸው ሲዋጉ አገሪቱ ተዳከመች፤ ከሰሜን የመጣ ጦርም በ311 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን ሉዎያንግን ያዘ። መኳንንቱ የአባቶቻቸውን መቃብር ጥለው፣ የያንግጼን ወንዝ ተሻግረው ወደ ደቡብ ሸሹ። በ317 ዓ.ም. ዛሬ ናንጂንግ በምትባለው ከተማ አዲስ ቤተ መንግሥት ተቋቋመ። የዚህ መንግሥት ምሰሶ የነበሩት ሚኒስትር ዋንግ ዳኦ የሺጂ አባት የአጎት ልጅ ናቸው። እንግዲህ ሺጂ ያደገው ሥልጣን ባለው፣ ነገር ግን ከአገሩ በተሰደደ ቤት ውስጥ ነው። በሰሜን የቀሩት መቃብሮች ወደ ኋላ በታሪኩ ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉና አንባቢ ባይረሳቸው ደስ ይለናል።

በልጅነቱ አንደበቱ የማይፈታ፣ ዝምተኛ ነበር ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ጆው ዪ የተባሉ ታላቅ ባለሥልጣን ግብዣ ላይ ተገኘ። በዚያ ዘመን የበሬ ልብ ጥብስ የክብር ምግብ ነበርና ጆው ዪ ከእንግዶቹ ሁሉ አስቀድመው ቆርሰው ለዚህ ዝምተኛ ልጅ ሰጡት፤ ሰውም ከዚያ ቀን ወዲህ ያውቀው ጀመር። ጽሕፈትን ከአጎቱ ተምሯል፤ ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ ወይዘሮ ዌይ (272–349) እንደ ነበሩ በትውፊት ይነገራል። በቻይና የጽሕፈት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን እጅ ያሠለጠኑት ሴት መሆናቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም፤ ወንዶቹ ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ መሥመር ያልፉታልና።

የጋብቻው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሺ ጂያን የተባሉት የጦር መሪ ለልጃቸው ባል ፈልገው ወደ ዋንግ ዳኦ ቤት መልእክተኛ ላኩ። የቤቱ ጎበዛዝት ይህን ሲሰሙ ልብሳቸውን አሳምረው፣ ጠባያቸውን አርመው ተሰለፉ። አንዱ ብቻ በምሥራቅ በኩል ባለው አልጋ ላይ ሆዱን ገልጦ፣ እየበላ፣ ወሬውን እንዳልሰማ ሆኖ ተጋድሟል። መልእክተኛው ተመልሶ ያየውን ቢናገር ሽማግሌው ያንኑ መረጡ። እስከ ዛሬ በቻይና ቋንቋ አማቹን በአክብሮት የሚጠራ ሰው የምሥራቁን አልጋ ስም ያነሣል። ከዚህ ጋብቻ ሰባት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ተወለዱ፤ ከወንዶቹ የመጨረሻው ዋንግ ሺያንጂ (344–386) በጽሕፈት ከአባቱ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ወጣ።

ብዙ ጊዜ ስለ ዋንግ ሺጂ የሚጻፈው፣ ቀኑን ሙሉ ዝይ ሲመለከትና ቀለም ሲበጠብጥ እንደ ኖረ አድርጎ ነው። ይህ ልክ አይመስለንም። ሹመት ሲሰጠው ደጋግሞ እምቢ ካለ በኋላ የቀኝ ጦር አዛዥ የሚል ማዕርግ ተቀብሎ ኩዋይጂ የሚባለውን ግዛት፣ ዛሬ ሻኦሺንግ የምትባለውን ከተማና አካባቢዋን፣ አስተዳደረ። በግዛቱ ረኃብ በገባ ጊዜ የመንግሥቱን ጎተራ ከፍቶ ለሕዝቡ እህል አበደረ። ግብሩ ከብዶ ገበሬው እየጠፋ መሆኑን እየጻፈ ለበላዮቹ አመለከተ። ዪን ሃኦ የተባለው ጄኔራል የጠፋውን ሰሜን አስመልሳለሁ ብሎ ሲነሣ ዋንግ ሺጂ ሕዝቡ ደክሟል፣ ስንቅም የለም በማለት እንዳይዘምት ጻፈለት። ዪን ሃኦ አልሰማውም፤ ዘመተ፣ ተሸነፈ፣ በ354 ዓ.ም. ከሹመቱ ተሻረ። ዛሬ የዋንግን ደብዳቤ የሚመለከት ሰው የጭረቱን ውበት ሲያደንቅ ጭረቱ የተጻፈበትን ጉዳይ ይረሳዋል፤ ያ ብሩሽ ግን ስለ እህልና ስለ ግብርም ጽፎበታል።

በጂን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ውስጥ፣ ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በ648 ዓ.ም. በተጠናቀቀው መጽሐፍ፣ ስለ እርሱ ከተተረኩት ሁለቱን ብቻ እናነሣለን። አንዲት አሮጊት ባለ ስድስት ማዕዘን የቀርከሃ ማራገቢያ ስትሸጥ አግኝቷት፣ ሳይጠይቃት ብሩሹን አንሥቶ በየማራገቢያው ላይ አምስት አምስት ፊደል ጻፈበት። ሴቲቱ ዕቃዬን አበላሸብኝ ብላ ተቆጣች። እርሱ ግን የቀኝ ጦር አዛዡ ጽሕፈት ነው ብላ መቶ መቶ ገንዘብ እንድትጠይቅበት መከራት። ገዢዎች ተሻምተው ወሰዱላት። ሌላ ቀን ሌላ ማራገቢያ ተሸክማ ብትመጣ ሳቀና አልጻፈም። ሁለተኛው ስለ ዝይ ነው። ዋንግ ዝይ ይወድ ነበር፤ አንድ የታኦ ሃይማኖት ካህን የሚያማምሩ ዝይዎች እንዳሉት ሰምቶ ሊገዛ ቢሄድ፣ ካህኑ የታኦን መጽሐፍ ከጻፍክልኝ መንጋውን ሁሉ ውሰድ አለው። ጽፎ ሰጠና ዝይዎቹን በሣጥን አድርጎ ደስ ብሎት ሄደ። በሁለቱም ተረክ ውስጥ አንድ ነገር እናያለን፤ እጁ ገና በሕይወት ሳለ ገበያ ላይ ዋጋ ነበረው፤ መቼ እንደሚጽፍና መቼ እንደሚያቆም የሚወስነው ግን ራሱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቀን እንመጣለን። በ353 ዓ.ም. በሦስተኛው ወር በሦስተኛው ቀን፣ በቻይና ልማድ ሰዎች ወደ ወንዝ ወርደው ክፉን ከራሳቸው የሚያጥቡበት የፀደይ በዓል ነበር። ዋንግ ሺጂ ላንቲንግ በሚባለው ሥፍራ፣ ተራራና ቀርከሃ በከበበው ወንዝ ዳር፣ አርባ አንድ ሰዎችን ሰበሰበ፤ ከርሱ ጋር አርባ ሁለት ሆኑ። ከመካከላቸው ኋላ ትልቅ ሚኒስትር የሆነው ሺዬ አንና የዋንግ ልጆችም ይገኙበታል። በሚጠማዘዘው ውኃ ዳርና ዳር ተቀመጡ፤ የወይን ጠጅ ጽዋ በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ በፊቱ የቆመለት ሰው ግጥም መግጠም አለበት፤ ካልቻለ ሦስት ጽዋ ይጠጣል። አሥራ አንዱ ሁለት ሁለት፣ አሥራ አምስቱ አንድ አንድ ግጥም አወጡ፤ አሥራ ስድስቱ ግን ምንም ስላልወጣላቸው ጠጡ። (ከኛ መካከል ከአሥራ ስድስቱ ወገን የማይሆን ስንት ይገኝ ይሆን!)

ግጥሞቹ ሲሰበሰቡ መቅድም ይጻፍላቸው ተባለና ዋንግ ብሩሹን አነሣ። በ28 መሥመር 324 ፊደል ጻፈ። አጀማመሩ የዕለቱን ጥራት፣ የነፋሱን ልስላሴና የጓደኞቹን ደስታ ይናገራል። ከመካከሉ ላይ ግን ልቡ ይዞራል፤ ደስ ያሰኘን ነገር ዐይናችንን ገልጠን ሳንጨርስ ወደ ትዝታ መለወጡን፣ ዕድሜ ረዘመም አጠረ ፍጻሜ እንዳለው፣ ሞትና ሕይወት አንድ ናቸው የሚለውም ትምህርት እንደማያሳምነው ይገልጻል፤ የሚመጣው ትውልድም እኛ የቀደሙትን እንደምናይ እኛን እንዲያይ ያስባል። ጽሕፈቱም ይህንኑ ይከተላል። ሲጀምር ዝግ ብሎ፣ መሥመሩ ሰፋ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ፊደሉ ይቀራረባል፣ ብሩሹም ይፈጥናል። በመካከሉ የተሠረዙ ፊደላት አሉ፤ የተረሳው ፊደል በሁለት መሥመር መካከል ተጨምሯል። ረቂቅ ነውና። በነጋታው ስካሩ ሲበርድለት ደጋግሞ ቢገለብጠው የመጀመሪያውን የሚያህል አልወጣለትም ተብሎ ይተረካል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጂ የሚባለው ፊደል ሃያ ያህል ጊዜ ይመጣል። ሥራው እንደኛ የአገናዛቢ ምልክት ያለ፣ በራሱ ትልቅ ፍቺ የሌለው፣ በሦስት አራት ጭረት የሚያልቅ ትንሽ ፊደል ነው። ነገር ግን ሃያውም አይመሳሰሉም። አንዱ ቀና ብሎ ይቆማል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሚቀጥለው ጋር ይጨባበጣል፤ አንዱ ሰፊ ነው፤ አንዱ ጠባብ ነው። ዋንግ ልዩ ልዩ ላድርጋቸው ብሎ ተጨንቆበት አይመስለንም፤ እያንዳንዱ ከፊቱ የነበረውን ፊደል ሰምቶ፣ ከኋላው ለሚመጣው ቦታ ለቆ ስለ ተጻፈ ነው የተለያየው። ይኸው ፊደል የራሱ የዋንግ ስም የመጨረሻው ፊደል ነው፤ የሺያንጂም ስም የሚያልቅበት ነው።

የቀረው ዕድሜው በደስታ አላለፈም። በ355 ዓ.ም. የሚንቀው ዋንግ ሹ የተባለ ሰው የበላይ አለቃው ሆኖ ተሾመበት። ዋንግ ሺጂ በወላጆቹ መቃብር ፊት ቆሞ ዳግመኛ ሹመት ላይቀበል ማለና ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ተራራ መውጣት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ሥራ ሥር መፈለግና ደብዳቤ መጻፍ ሆነ ኑሮው። በዘመኑ መኳንንት ዘንድ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ የሚወሰደውን የድንጋይ ዱቄት መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም ስለ ሕመም በሚያሰማው ብሶት የተሞሉ ናቸው። አንዱ ደብዳቤ ለወዳጁ ሦስት መቶ ብርቱካን መላኩን፣ ውርጭ ገና ስላልወረደ ከዚህ የበለጠ ሊያገኝ አለመቻሉን ብቻ ይናገራል። ሌላው ግን ከባድ ነው፤ በሰሜን የቀሩት የአባቶቹ መቃብር ሁለተኛ መበርበሩን ሰምቶ፣ ሮጦ ለመድረስ የማይችል ስደተኛ መሆኑን በኀዘን የጻፈበት ነው። ይህ ደብዳቤ ቅጂው ዛሬ በጃፓን ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተለያይተው፣ እንደሚገባ ይቆማሉ፤ ወደ ታች ሲወርድ እጁ ኀዘኑን ሊይዘው አልቻለም፤ መጨረሻው የሣር ጽሕፈት ሆኗል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ የሆነ ነገር እንደ ተፈጠረ ያያል። ዋንግ በ361 ዓ.ም. ሞተ።

ከሞተ በኋላ ያለው ታሪኩ ከሕይወቱ የረዘመ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት ዉ (502–549 የነገሡት) ለመሳፍንቱ ማስተማሪያ ይሆን ዘንድ ከዋንግ ጽሕፈት አንድ ሺህ ልዩ ልዩ ፊደል፣ አንዱም ሳይደገም፣ በየወረቀቱ ላይ ተገልብጦ እንዲወጣ አዘዙ። የተበታተነውን ሺህ ፊደል ጆው ሺንግሲ የተባለ ሊቅ ፍቺ ባለው ግጥም እንዲያቀናጀው ተሰጠው፤ በአንድ ሌሊት ጨርሶ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ተገኘ ይላሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ እጁ ከገዛ ቃሉ ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ቃል ተሸከመ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ በቻይና ሕፃናት ፊደል የሚቈጥሩበት መጽሐፍ ሆኖ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል። ከዋንግ በሰባተኛው ትውልድ የተወለደው መነኩሴ ጂዮንግ ደግሞ በፎቅ ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ይህንኑ መጽሐፍ ስምንት መቶ ጊዜ ገልብጦ ለየገዳማቱ አደለ፤ ያለቁትንም ብሩሾቹን መቃብር ቆፍሮ ቀበራቸው ይባላል።

የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ (626–649 የነገሡት) የዋንግን እጅ የወደዱትን ያህል የወደደ አልነበረም። በመንግሥቱ ውስጥ ያለውን ጽሕፈቱን ሁሉ በገንዘብ አሰበሰቡ፤ በጂን ታሪክም ውስጥ ስለ ዋንግ የሚናገረውን ምስጋና ራሳቸው ጻፉ። የላንቲንጉ መቅድም ግን አልተገኘም። የጂዮንግ ደቀ መዝሙር በነበረው በአረጋዊው መነኩሴ ቢያንጻይ እጅ ነው የሚል ወሬ ስለ ደረሳቸው ሺያኦ ዪ የተባለውን ባለሥልጣን ላኩ። እርሱም መንገደኛ መስሎ ከመነኩሴው ጋር ተወዳጀ፤ አብረው ቅኔ ተለዋወጡ፣ ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫወቱ፣ ጠጡ። አንድ ቀን ከቤተ መንግሥት ይዞት የመጣውን የዋንግ ደብዳቤ አሳየው። ሽማግሌው ከዚህ የሚበልጥ አለኝ ብሎ ከጣራው ምሰሶ ውስጥ የሸሸገውን አወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ መነኩሴው በሌለበት ሺያኦ ዪ ገብቶ ወሰደው። ይህ ተረክ ሁሉም እውነት ይሁን አይሁን ሊቃውንቱ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ በ1965 ዓ.ም. ጉዎ ሞሩዎ የተባለው ሊቅ መቅድሙ ራሱ የዋንግ አይደለም የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ትልቅ ሙግት አስነሥቷል። ብዙዎቹ ግን ዛሬም የርሱ ነው ይላሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጽሑፉ በእጃቸው ሲገባ ቤተ መንግሥቱን ባለ እጆች አስገለበጡት። አገለባበጡ አስደናቂ ነው፤ ስስ ወረቀት በዋናው ላይ ይነጠፋል፤ የእያንዳንዱ ጭረት ዳር በጠጉር በሚያህል መሥመር ይከበባል፤ ከዚያ ውስጡ በቀለም ይሞላል። በፌንግ ቼንግሱ ስም የሚታወቀው ቅጂ ዛሬ በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል፤ የብሩሹ ጠጉር የተከፈለበት ሥፍራ እንኳ ሳይቀር ይታይበታል። ዋናው ግን ታይዞንግ በ649 ዓ.ም. ሲሞቱ አብሯቸው ተቀበረ ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ የዋንግ ሺጂ እጅ በቀጥታ ያረፈበት ወረቀት አንድም የለም። የምናየው ሁሉ ቅጂ፣ ወይም የቅጂ ቅጂ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የሺአኑ ሐውልት የሚመጣው። መነኩሴ ሹዋንዛንግ ወደ ህንድ ሄዶ በ645 ዓ.ም. የቡድሃን መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። ታይዞንግ ለትርጉሙ መቅድም ጻፉለት። ይህ መቅድም በድንጋይ ይቀረጽ ሲባል፣ ኋይሬን የተባለ መነኩሴ በዋንግ ሺጂ እጅ እንዲሆን አሰበ። በቤተ መንግሥቱ ካለው ስብስብ እያንዳንዱን የሚያስፈልገውን ፊደል ፈለገ፤ አንዱን ከብርቱካኑ ዐይነት ደብዳቤ፣ አንዱን ከኀዘን ደብዳቤ፣ አንዱን ከላንቲንጉ መቅድም ወሰደ። ትልቁን አሳነሰ፣ ትንሹን አተለቀ። ያልተገኘውን የአንዱን ፊደል ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር አጋጥሞ ሠራ። ለአንድ ፊደል ሺህ ወርቅ እስከ መክፈል ደረሰ ተብሎ ይወራል። ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶ በ672 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ይህ ሥራ ዛሬ ፎንት የምንለው ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም፤ ፊደል ከቃሉ ተነቅሎ፣ ተመዝኖ፣ ለማንኛውም ቃል ዝግጁ ሆኖ ተቀመጠ። ዋንግ በሃይማኖቱ የታኦ ተከታይ ነበር፤ እጁ ግን የቡድሃን መጽሐፍ መቅድም ጻፈ። ፈቃዱን የጠየቀው የለም፤ እንደ ማራገቢያዋ ሴት ጊዜ ስቆ እምቢ ሊል አይችልም። ለዐይንም የሚታይ ጉድለት አለው። ፊደላቱ አንድ በአንድ ሲታዩ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከአንዱ ፊደል መጨረሻ የሚወጣው ጭረት የሚቀጥለውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ጎረቤቱ ከሌላ ደብዳቤ የመጣ እንግዳ ነው። ኋላም የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ይህን ሐውልት ብቻ እያዩ በመጻፋቸው ጽሕፈታቸው ነፍስ የሌለው የቢሮ ጽሕፈት ተብሎ ተነቀፈ።

የሆነው ሆኖ እኛ ከንጉሠ ነገሥቱ ይልቅ ለመነኩሴው እናደላለን። ታይዞንግ እጁን ስለ ወደዱት ብቻቸውን ሊይዙት ፈለጉ፤ ወደ መቃብርም ወሰዱት። ኋይሬን ቆራረጠው፤ ነገር ግን በአደባባይ አቆመው። በድንጋዩ ላይ እርጥብ ወረቀት ለጥፎ፣ በቀለም መታ መታ አድርጎ ማንም ቅጂ ሊያነሣ ይችል ነበር፤ ዋንግን ሊያዩ ቤተ መንግሥት የማይገቡ ድኆች ተማሪዎች ያወቁት በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ በቻይና የሂያጅ ጽሕፈት መልክ ያላቸው የኮምፒዩተር ፊደላት ብዙ ናቸው፤ በሱቅ ሰሌዳ፣ በሻይ መጠቅለያ፣ በመጽሐፍ ርእስ፣ በሰርግ መጥሪያ ላይ ይታያሉ። ለረጅም ጽሑፍ ግን አይመረጡም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ይህን ገጽ የሚያነብ ሰው እዚህ ያለው የ ነው የሚለው ቃል ከሦስት መሥመር በታች ካለው ጋር አንድ ዐይነት መሆኑ አይገርመውም፤ የማተሚያ ፊደል ነዋ። በእጅ የተጻፈ የሚመስል ፊደል ግን አንድ ዐይነት ሆኖ ሦስቴ ሲመጣ ማታለሉ ይታወቅበታል። ስለዚህ የሠለጠኑ ፊደል ሠሪዎች ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ አዘጋጅተው ኮምፒዩተሩ እያለዋወጠ እንዲያወጣ ያደርጋሉ። ለቻይና ፊደል ይህ ከባድ ነው፤ በ1980 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ዝርዝር ብቻ 6,763 ፊደላት አሉት፤ ከጥንት እጅ በመነሣት ፎንት የሚሠራም ሰው የጎደሉትን እንደ ኋይሬን ግራና ቀኝ እያጋጠመ መሙላት ግድ ይሆንበታል።

ሂያጅ ጽሕፈት የሚማር የቻይና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሐውልቱ ቅጂ ነው፤ ፊደላቱ ተለያይተውና ጠርተው ስለሚታዩ ለጀማሪ ይስማማሉ። እጁ ሲጠና ወደ ላንቲንጉ መቅድም ይሻገራል። በዚያም መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቈጥረው ጂ የሚለውን ፊደል ነው፤ ሃያውን በየቦታው እየፈለገ፣ እያንዳንዱ ከአጠገቡ ካለው ፊደል ጋር ምን እንደሚያደርግ እያየ ይገለብጣቸዋል።